ፖስትፊክስ ለትንሽ ቢሮ፦ የኢሜል አሊያስ አሰራሩን ከኮምቦልቻ ሆኜ ስገመግመው

በቀጥታ ልግባበት። ድርጅታችሁ የራሱ ዶሜን (አድራሻ ላይ ከኤት ምልክት በኋላ የሚመጣው ስም) ካለው፣ ሊኑክስ የሚነካካ አንድ ሰው በቅርብ ካላችሁ፣ እና ቢዝነስ ካርዳችሁ ላይ አሁንም የሰራተኛ የግል ጂሜል እየታተመ ከሆነ ፖስትፊክስ የሚባለውን የኢሜል ሰርቨር ሶፍትዌር አስጭኑና አሊያስ፣ ማለትም የስራ ክፍል ተለዋጭ አድራሻ፣ አሰሩበት። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷ የተቀነሰችበትን ወረድ ብዬ እናገራለሁ።

እኔ የምሰራው ኮምቦልቻ አንድ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው፣ ቤቴ ደሴ ነው፣ ጠዋት በመሃል ያለውን የሐረጎን ተራራ ወርጄ ማታ እወጣለሁ። የኛ ስራ ከላይ እስከ ታች ዶክመንት ነው፣ ዶክመንቱ ደሞ በኢሜል ነው የሚመጣው፣ ቢል ኦፍ ሌዲንግ በሉት ኢንቮይስ በሉት ፓኪንግ ሊስት በሉት፣ መርከቧ ጅቡቲ ልትደርስ ነው የሚለው ማስታወቂያ ሳይቀር። አንድ ኢሜል ሰው ሳያየው ውሎ ካደረ ኮንቴይነሩ ይቆማል፣ ኮንቴይነር ከቆመ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ይቆጥራል፣ እሱ ደሞ በዶላር ነው። እና ደረቅ ወደቡ አካባቢ የማውቃቸው ቢሮዎች እንዴት ነው የሚሰሩት ብትሉ፣ ኢምፖርት የሚይዘው ልጅ የራሱን ጂሜል ለሰፕላየሩ ይሰጣል፣ ሰፕላየሩም ከዛ በኋላ የሚያውቀው እሷን አድራሻ ብቻ ነው። ልጁ ሲለቅ፣ አዲስ አበባ ሲገባ ወይ የራሱን ሲከፍት፣ የድርጅቱ የስንት ዓመት ደብዳቤ አብሮት ይሄዳል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አካውንቱ የራሱ ነዋ።

አለቃችን ይሄ ነገር ሲያንገበግባቸው "ልጄ፣ ሰው በለቀቀ ቁጥር ኢሜላችን አብሮ የሚሄደው እስከ መቼ ነው?" አሉኝ። "አብሽሩ ጋሼ፣ አድራሻውን ከሰውየው እንለየዋለን" አልኳቸው። ይሄን ሁሉ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። የመስሪያ ቤት አድራሻ የስራ ክፍሉ መሆን አለበት፣ የሰው መሆን የለበትም፣ አሊያስ ደሞ ይሄን ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ የሚያደርግ ነገር ነው።

አሊያስ ምንድነው ለምትሉ ደሞ፣ ባጭሩ በር ላይ የተለጠፈ ታፔላ ማለት ነው። "ሂሳብ ክፍል" የሚለው ታፔላ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ቢቀየር አይነቀልም። አሊያስ የራሱ ሳጥን የለውም፣ ፓስወርድ የለውም፣ ዲስክ ላይ ቦታ አይዝም። ሰርቨሩ "ኢምፖርት" የሚል አድራሻ ያለው መልእክት ሲመጣ ተቀባዩን ቀይሮ ወደ እውነተኛው ሳጥን ያስገባዋል፣ አንድ ሰው ጋ ሊሆን ይችላል፣ ሶስት ሰው ጋም ሊሆን ይችላል። ልጁ ሲለቅ አንድ መስመር ትቀይራላችሁ፣ ጅቡቲ ያለው ሰውዬ፣ ቻይና ያለው ፋብሪካ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ ስራው ይቀጥላል።

ዋጋ ላይ ልምጣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ፖስትፊክስ ራሱ ነፃ ነው፣ ዊትስ ቬኔማ የሚባል ፕሮግራመር አይቢኤም ምርምር ክፍል ውስጥ ሆኖ ጽፎት እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። አሊያሱም በቁጥር አይሸጥም፣ 5 ብትሰሩ 500 ብትሰሩ አንድ ነው። እንደ ጎግል ዎርክስፔስ ያሉት አገልግሎቶች ላይም አሊያስ አለ፣ እዛ ለአንድ ተጠቃሚ እስከ 30 አሊያስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሰጣሉ፣ ጥሩ ነገር ነው አልክድም፣ ግን ተጠቃሚው ራሱ በነፍስ ወከፍ በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል፣ እና እኛ ሀገር በየወሩ በዶላር መክፈል ምን ማለት እንደሆነ ካርድ ፍለጋ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ የምንከፍለው ለሰርቨር ኪራይና ለዶሜን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ስራው። ፖስትፊክስ ላይ አሊያስ የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ነው፣ እና ሰው የሚወናበደው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብዬ ላስረዳ።

አንደኛው ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያለው አሊያስስ የሚባለው የድሮ ፋይል ነው፣ ሴንድሜይል ከሚባለው የድሮ ኢሜል ሰርቨር ዘመን ጀምሮ የመጣ አጻጻፍ ነው ያለው። ስሙን ትጽፋለህ፣ ሁለት ነጥብ ታደርጋለህ፣ ከዛ መድረሻውን። ግራ በኩል ያለው ስም ብቻ ነው፣ ኤት ምልክትና ዶሜን አይገባበትም፣ የሚሰራውም ሰርቨሩ "የኔ የራሴ ናቸው" ብሎ ማይ ዴስቲኔሽን በሚለው ሴቲንግ ለያዛቸው ዶሜኖች ነው። ጽፈህ ስትጨርስ ኒውአሊያስስ የምትለዋን ኮማንድ ካልመታህ ምንም አይቀየርም፣ ምክንያቱም ሰርቨሩ የሚያነበው የጻፍከውን ጽሁፍ ሳይሆን ከሱ የሚሰራውን ዳታቤዝ ነው።

ሁለተኛው ፖስትፊክስ ፎልደር ውስጥ ያለው ቨርቹዋል የሚባለው ፋይል ነው፣ እኔ ለቢሮ ስራ የምመክረው ይሄን ነው። እዚህ ጋ ሁለት ነጥብ የለም፣ ግራ በኩል ሙሉውን አድራሻ ከነዶሜኑ ትጽፋለህ፣ ክፍት ቦታ ትተዋለህ፣ ከዛ መድረሻዎቹን በኮማ እየለየህ ትደረድራለህ። ሙሉ አድራሻ መጻፉ ጥቅሙ ምንድነው፣ ሁለት ሶስት ዶሜን ያለው ድርጅት የአንዱን "ኢንፎ" ወደ አንድ ሰው፣ የሌላውን "ኢንፎ" ወደ ሌላ ሰው መላክ ይችላል፣ በድሮው ፋይል ግን "ኢንፎ" አንድ ብቻ ነው። ይሄኛው ደሞ የራሱ ኮማንድ አለው፣ ፖስትማፕ ብለህ የፋይሉን ስም ትሰጠዋለህ። ከዛ በኋላ ሰርቨሩን ማስነሳት ማጥፋት አያስፈልግም፣ ዳታቤዙ መቀየሩን ራሱ አይቶ ይይዘዋል። ዋናውን የሴቲንግ ፋይል ከነካካህ ግን ሪሎድ ማድረግ (ሴቲንጉን እንደገና ማስነበብ) ግድ ነው። እና ዋናው ፋይል ውስጥ ቨርቹዋል አሊያስ ማፕስ የሚለው ሴቲንግ ይሄን ፋይል ማመልከቱን አረጋግጡ፣ እሱ ከሌለ ፋይሉን በወርቅ ብትጽፉትም አያየውም።

በጣም የወደድኩለት ነገር መሞከሪያው ነው። ፖስትማፕ ላይ የኪው ኦፕሽን ጨምረህ አንድ አድራሻና የፋይሉን ስም ብትሰጠው "ይሄ አድራሻ ወዴት ነው የሚሄደው" ለሚለው እዛው መልሱን ይሰጥሃል፣ ኢሜል መላክ ሳያስፈልግ። አዲስ ልጅ ተቀጥሮ "ኤክስፖርት" የሚለውን አሊያስ ወደሱ ሳዞር ኮማንዷን እመታለሁ፣ የልጁ ሳጥን ተጽፎ ይመጣል፣ አለቀ። ባዶ ከተመለሰ ደሞ መስመሩ ፋይሉ ውስጥ የለም ወይ ፖስትማፕ አልተመታም ማለት ነው። ከዚህ ጠለቅ ማለት ከፈለጋችሁ ከፖስትፊክስ ጋር የምትመጣዋን ሴንድሜይል የምትባል ኮማንድ ከቢቪ ኦፕሽን ጋር ብትመቱ፣ መልእክቱን ሳያደርስ የት የት ሊደርስ እንደሚችል ሪፖርት በኢሜል ይልክላችኋል። ስንት በገንዘብ የሚሸጥ ሶፍትዌር አይቻለሁ እንዲህ አይነት መፈተሻ የሌለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚሁ ጋ፣ አንድን ዶሜን ማይ ዴስቲኔሽን ውስጥም ቨርቹዋል ዶሜኖች በሚጻፉበት ሴቲንግ ውስጥም አትጻፉት። ሎጉ (ሰርቨሩ የሰራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ "ሁለቱም ቦታ አታስገባው" ብሎ በግልፅ ያስጠነቅቃል፣ ግን ሎግ የሚያይ ሰው ከሌለ ማን ይሰማዋል። ሎግ እዩ፣ በቃ፣ ፖስትፊክስ ያለ ሎግ አይሆንም፣ ደግነቱ ሎጉ ንጹህ ነው፣ እያንዳንዱ መልእክት የራሱ መለያ አለው፣ በሷ ፈልገህ ከገባበት እስከ ወጣበት ትከተለዋለህ። አሊያስ የነካው መልእክት ላይ ደሞ መጀመሪያ የተጻፈው አድራሻም የተቀየረው አድራሻም ጎን ለጎን ይታያል፣ ደንበኛ ደውሎ "ልኬ ነበር" ሲል መልስ የምሰጠው ከዛ ላይ አንብቤ ነው።

አሁን ለወሎ ልጆች የሚሆን ጥቅም ልንገራችሁ፣ ይሄን ማንም ሲጽፈው አላየሁም። የኛን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፈው ወጥ አይደለም፣ አይደል? ሁሴን አንዱ በአንድ ኤስ ይጽፈዋል አንዱ በሁለት፣ መሐመድን ከኤም ቀጥሎ ኦ የሚያደርግ አለ ዩ የሚያደርግ አለ፣ ሰይድን ሶስት አራት አይነት አድርጎ የሚጽፍ አለ። ደንበኛው ስልክ ላይ ስምህን ሰምቶ እንደመሰለው ጽፎ ይልካል፣ አድራሻው ስለሌለ ሰርቨሩ 550 የሚል የስህተት ቁጥር ሰጥቶ ይመልስበታል፣ ደንበኛው ደሞ ያንን የእንግሊዝኛ ባውንስ (የተመላሽ ማስታወቂያ) አያነበውም፣ ልኬያለሁ ብሎ ይቀመጣል። እኛ ለእያንዳንዱ ሰራተኛ ሰው ሊሳሳትበት የሚችለውን አጻጻፍ ሁሉ አሊያስ አድርገን ወደ ትክክለኛው ሳጥን አስገባነው። ካፒታልና ትንሽ ፊደል አያሳስባችሁ፣ ፖስትፊክስ ሲፈልግ ወደ ትንሽ ፊደል ቀይሮ ነው የሚፈልገው።

የከተማዋ ስም ራሱ እንደዛው ነው። ኮምቦልቻ በኬ ይጻፋል በሲም ይጻፋል፣ ኤርፖርቱን ጨምሮ በሁለቱም ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ዶሜናችሁ ውስጥ የከተማው ስም ካለ ሁለቱንም ግዙና አንዱን በሙሉ ወደ አንዱ አዙሩት። ቨርቹዋል ፋይሉ ውስጥ ግራ በኩል ኤት ምልክትና አንደኛውን ዶሜን፣ ቀኝ በኩል ኤት ምልክትና ሁለተኛውን ዶሜን ብትጽፉ ስሙን እንዳለ ይዞ ዶሜኑን ብቻ ይቀይራል። አንድ ጉድለት ግን አለው፣ በዚህ አጻጻፍ ሰርቨሩ የሌለ ስም ሲመጣም መጀመሪያ ይቀበለውና በኋላ ይመልሳል፣ ስፓም ሲበዛ ያ ባውንስ ለማያውቅ ሰው ይሄዳል፣ ስለዚህ ስሞቹን አንድ በአንድ መጻፍ ልፋት ቢሆንም ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ካችኦል የሚባል ነገር አለ፣ ግራ በኩል ኤት ምልክትና ዶሜኑን ብቻ፣ ቀኝ በኩል የአንድ ሰው አድራሻ፣ "ስሙ ምንም ይሁን ምን ወደዚህ አምጣው" ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ደስ ይለዋል፣ እኔ አልመክርም። አንደኛ ስፓመሮች ዝም ብለው የስም ዝርዝር እየደረደሩ ይልካሉ፣ ካችኦል ካለ ያ ሁሉ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ፖስትፊክስ አሊያሱን የሚያየው ከሳጥኑ በፊት ስለሆነ፣ እውነተኛ ሳጥን ያላቸው ሰዎች ፋይሉ ውስጥ ወደራሳቸው የሚያመለክት መስመር ከሌላቸው ካችኦሉ የነሱንም ኢሜል ይወስደዋል። የሂሳብ ሹሟ "ኢሜል ቆመብኝ" ብላ ስትጮህ ኢሜሏ ሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ ተከምሮ ታገኙታላችሁ።

ፕላስ አድራሻ የሚባለውም አሪፍ ነው፣ ሪሲፒየንት ዴሊሚተር የሚለውን ሴቲንግ ፕላስ ካደረጋችሁት ስም ፕላስ ሌላ ቃል ብሎ የተላከ ሁሉ ወደ ስሙ ባለቤት ይገባል፣ ምንም ማስመዝገብ ሳያስፈልግ። አንዳንድ ዌብሳይት ግን ፎርሙ ላይ ፕላስ ምልክት አይቀበልም፣ ለሱ ከቨርዥን 2.11 ጀምሮ ከአንድ በላይ ምልክት መስጠት ይቻላል፣ ሰረዝ መጨመር ትችላላችሁ።

ሁለት ስሞች ደሞ ማንም ባይጠይቃችሁም አሊያስ አድርጓቸው፣ ፖስትማስተርና አቢዩዝ። ፖስትማስተር በኢሜል ደንቡ ግዴታ ነው፣ የሌሎቹ የስራ አድራሻዎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ አርኤፍሲ 2142 ከሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ላይ አለ፣ ኢንፎ፣ ሴልስ፣ ሰፖርት፣ ሆስትማስተር፣ ዌብማስተር እያለ። ሰርቨራችሁ ላይ ችግር ሲኖር ሌላው ዓለም የሚጽፈው ወደነዚህ ነው። በብዙ አጫጫን ላይ ፖስትማስተር ወደ ሩት (የሰርቨሩ ዋና አካውንት) ይሄዳል፣ ሩትን ደሞ ማንም አይከፍተውም፣ ስለዚህ ሩትን ራሱን ወደ ሰው አዙሩት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መቀበል ነው፣ መላኩ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እና እዚህ ጋ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። አሊያስ ፈጠርክ ማለት በአሊያሱ ስም መላክ ፈቀድክ ማለት አይደለም፣ ሁለቱ አይገናኙም። ሰራተኛው "ኢምፖርት" ብሎ የገባውን በግል ስሙ ከመለሰ ደንበኛው የግል ስሙን ይይዛል፣ ዞሮ ዞሮ የጀመርንበት ችግር ይመለሳል። ስለዚህ ኢሜል የሚከፍትበት ፕሮግራም፣ ተንደርበርድ ላይ ወይ ራውንድኪዩብ ላይ፣ አይደንቲቲ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ አሊያሱን ጨምሩለት፣ ሲመልስ ከዛ ይምረጥ። ሁለተኛውና ትልቁ ግን፣ ፖስትፊክስ ካልከለከላችሁት በስተቀር ፓስወርድ አስገብቶ የገባ ማንኛውም ሰራተኛ በማንኛውም ስም መላክ ይችላል። ተላላኪው በማናጀሩ ስም፣ ተለማማጇ በሂሳብ ክፍል ስም። ወይም የአንዱ ሰራተኛ ፓስወርድ ተሰርቆ፣ ሌባው "ሂሳብ" ከሚለው አድራሻ ለደንበኛ "የባንክ ቁጥራችን ተቀይሯል፣ ወደዚህ ክፈሉ" ብሎ ይልካል፣ ደንበኛው ደሞ ትክክለኛው ዶሜን ስለሆነ አይጠራጠርም። የትራንዚትና የንግድ ስራ ላይ ገንዘብ የሚበላው በዚህ መንገድ ነው። መድሃኒቱ አለ፣ ኤስኤምቲፒዲ ሴንደር ሎጊን ማፕስ የሚባል ሴቲንግ ነው፣ የትኛው አድራሻ የየትኛው ሎጊን እንደሆነ እዛ ትጽፋላችሁ፣ ከዛ ሪጀክት ሴንደር ሎጊን ሚስማች የሚለውን ታበራላችሁ። ከዛ በኋላ "ሂሳብ" የሚለውን ለሰርቨሩ የላኪ አድራሻ አድርጎ መስጠት የሚችለው ፋይሉ ላይ የተጻፈለት ሰው ብቻ ነው፣ ሌላው ሲሞክር እዛው ይመለሳል፣ ደብዳቤው ውስጥ የሚታየውን የፍሮም መስመር ግን ይሄ ሴቲንግ አይፈትሸውም። አሊያስ ሰርቶላችሁ ይሄን ያልሰራ ባለሙያ ስራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው፣ ሳትከፍሉት በፊት ይሄን ጠይቁት።

ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ "አሊያሱን ወደ ጂሜሌ ላዙረው?" የሚለው ነው። ይቻላል፣ ግን ይቅርባችሁ። ምክንያቱን ላስረዳ፣ ኤስፒኤፍ የሚባለው መቆጣጠሪያ የሚያየው "ይሄ ሰርቨር በዚህ ዶሜን ስም እንዲልክ ተፈቅዶለታል ወይ" የሚለውን ነው። ሰፕላየሩ ለእናንተ ልኮ የእናንተ ሰርቨር ወደ ጂሜል ሲያስተላልፈው፣ ጂሜል የሚያየው የሰፕላየሩን ዶሜን ከናንተ ሰርቨር ሲመጣ ነው፣ ኤስፒኤፉ ይወድቃል። ዲኪም የሚባል የላኪው ዶሜን ዲጂታል ፊርማ ካለውና መልእክቱ ካልተነካ ፊርማው ሊያድነው ይችላል፣ ከሌለው ስፓም ውስጥ ነው የሚገባው ወይ ጭራሽ አይገባም። ኤስአርኤስ የሚባል የላኪውን አድራሻ በራሳችሁ ዶሜን የሚቀይር ዘዴ አለ፣ ፖስትኤስአርኤስዲ የሚባል ፕሮግራም ፖስትፊክስ ላይ ይሄን ይሰራል፣ ግን የናንተ አሊያስ የሚደርሰውን ስፓም ሁሉ ወደ ጂሜል ስታስተላልፉ በጂሜል አይን ስፓም ላኪ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ጠበቅ አድርገዋል፣ ትንሽም ብትልክ ኤስፒኤፍ ወይ ዲኪም ይጠይቃሉ፣ በብዛት ለሚልክ ደሞ (ጎግል ጋ በቀን ከ5000 ገደማ ጀምሮ) ሁለቱንም ከዲማርክ ጋር ነው፣ ዲማርክ ማለት ፍተሻው ሲወድቅ ምን ይደረግ የሚለውን ዶሜኑ የሚያሳውቅበት ነው። ስለዚህ አሊያሱ መድረሻው እዛው ሰርቨሩ ላይ ያለ ሳጥን ይሁን፣ ሰራተኛው በስልኩ በአይማፕ (ሳጥኑን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ በሚያስነብበው ዘዴ) ይክፈተው፣ የስልኩ የጂሜል አፕ ራሱ የሌላ ሰርቨር አካውንት ይቀበላል፣ ለተጠቃሚው ልዩነቱ አይታወቀውም።

ሰርቨሩን ቢሮ ውስጥ ላድርገው ወይስ ልከራይ የሚል ካለ፣ ተከራዩ። እዚህ መብራት ሲሄድ ኔትወርኩም አብሮ ነው የሚሄደው። ለሰዓታት ከሆነ ችግር የለውም፣ የላኪው ሰርቨር መልእክቱን ወረፋ አስይዞ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ፖስትፊክስ ራሱ ካልቀየሩት 5 ቀን ድረስ ይዞ ይሞክርና ነው የሚመልሰው። ግን በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ደሴና ኮምቦልቻ ምን እንደሆነ እናውቃለን፣ ከ5 ቀን በላይ የጠፋ ሰርቨር የተላከለት ሁሉ ተመላሽ ነው። የተከራየ ሰርቨር ላይ ግን ደብዳቤው እዛ ይጠብቃችኋል። ሲከራዩ ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ፖርት 25 (ሰርቨሮች ኢሜል የሚለዋወጡበት በር) ክፍት ነው ወይ፣ እና ለአይፒው የፒቲአር ስም (ከአይፒ ቁጥሩ ተነስቶ የሰርቨሩን ስም የሚናገር መዝገብ) ታስገባላችሁ ወይ። ብዙ አከራዮች ፖርት 25ን ከመጀመሪያው ዘግተውት ነው የሚሰጡት፣ እሱ ከተዘጋ መላክ የለም።

አሁን አንዷ ኮከብ ወዴት ሄደች ላላችሁኝ። ፖስትፊክስ ለብቻው ገፅታ የለውም፣ የምትጫኑት ቁልፍ የለም፣ ሁሉ ነገር በጽሁፍ ፋይልና በኮማንድ ነው። እኔ እረፍት ላይ ብሆን ወይ ብታመም ጸሐፊያችን አንድ አሊያስ መቀየር አትችልም፣ የለቀቀ ሰው ደሞ የሚለቀው እኔ እስክመለስ ጠብቆ አይደለም። አዲስ ሰው የሴቲንጎቹን ስም ብዛት ሲያይ ይደነግጣል፣ ማኑዋሉ ሙሉና ትክክለኛ ነው ግን ለባለሙያ የተጻፈ ነው፣ አጫጭር የጀማሪ መንገድ አያሳይም።

ለዚህ ነው ፖስትፊክስ አድሚንን ጨምረን ያስገባነው። በፒኤችፒ የተጻፈ የዌብ ገፅ ነው፣ አሊያሶቹን ፋይል ውስጥ ሳይሆን ማይኤስኪውኤል ወይ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጣል፣ ፖስትፊክስ ከዛ ያነባል፣ ስለዚህ ፖስትማፕ መምታት ቀረ። ጸሐፊያችን በብሮውዘር ትገባለች፣ አሊያሱን ትመርጣለች፣ መድረሻዎቹን በየመስመሩ አንድ አንድ አድርጋ ትጽፋለች፣ ሴቭ። ለጊዜው ማጥፋት ከፈለገች አክቲቭ የምትለዋን ታነሳለች፣ አይጠፋም ይተኛል። እና የምትነካው የራሳችንን ዶሜን ብቻ እንዲሆን የዶሜን አድሚን አድርጎ መገደብ ይቻላል፣ ሰርቨሩ ውስጥ መግባት አያስፈልጋትም። ሲታይ የድሮ ገፅ ነው የሚመስለው፣ ውበት አትጠብቁ፣ ግን ስራውን ይሰራል። ገፁን ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጋችሁ አትተዉት፣ ከቢሮና ከቪፒኤን ብቻ እንዲከፈት አድርጉ።

ደሴ ፒያሳም ኮምቦልቻም ይሄን የሚሰሩ ልጆች አሉ፣ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ የወጡ ሊኑክስ አሳምረው የሚያውቁ ልጆች ሞልተዋል፣ አዲስ አበባ ድረስ ሰው ፍለጋ አትሂዱ። ስራውን ስትሰጡ ግን መጀመሪያ ወረቀት ላይ አውጡት፣ ምን ምን ክፍል አለን፣ ለየትኛው ክፍል ማን ይቀበላል፣ እሱ ከሌለ ማን ያያል። እኛ ለእያንዳንዱ የስራ አሊያስ ቢያንስ ሁለት ሰው አድርገናል፣ "ኢምፖርት" ኦፊሰሩ ጋም የክፍሉ ኃላፊ ጋም ይገባል፣ በተጨማሪ አርካይቭ የሚባል ማንም የማይነካው ሳጥን ላይም ይወድቃል። ሰራተኛው ሳጥኑን ቢያጸዳው እንኳን ኮፒው አለ። ጸብ ሲነሳ፣ ሰፕላየሩ "ኢንቮይሱን በዚህ ቀን ልኬ ነበር" ሲል፣ ከአርካይቩ አውጥተን እናያለን፣ ክርክሩ እዛው ያበቃል። ሰራተኞቹ ግን ይሄን ማወቅ አለባቸው፣ ተሰብስበን ነግረናቸዋል፣ የስራ አድራሻ ላይ የመጣ ሁሉ የድርጅቱ መሆኑን አምነውበት ፈርመዋል፣ የግል ጉዳያቸውን በግል ኢሜላቸው ይጨርሳሉ።

ፋይሉን በእጃችሁ የምትጽፉ ከሆናችሁ ደሞ ከእያንዳንዱ መስመር በላይ በሃሽ ምልክት የሚጀምር ማስታወሻ አድርጉ፣ ማን አስደረገው፣ መቼ፣ ለምን። ፖስትፊክስ በሃሽ የሚጀምርን መስመር ያልፈዋል። ማስታወሻውን ግን በራሱ መስመር ላይ ጻፉት፣ ከአድራሻው ጎን ከጻፋችሁት የመድረሻ አካል መስሎት ያነበዋል። እና የፋይሉን ኮፒ፣ ፖስትፊክስ አድሚን ከሆነ የዳታቤዙን ኮፒ፣ በየሳምንቱ ከሰርቨሩ ውጪ አስቀምጡ።